የአሮጌው ካሜራዬ ነገር

ከመጻሕፍቴ መደርደሪያ በላይ፣ በቆዳ ከረጢት ውስጥ የሚቀመጥ አንድ አሮጌ ዲጂታል ካሜራ አለኝ። ባሕር ማዶ የሚኖረው ታናሽ ወንድሜ ጥቂት ዓመት ከሠራበት በኋላ፣ በ2001 ዓ.ም. ለሠርጌ ስጦታ ይሁንህ ብሎ የላከልኝ ነው። ሠርጌን የተነሣሁት፣ የልጄን ክርስትና ያነሣሁት፣ በማስተምርበት ትምህርት ቤት ስምንተኛ ክፍልን የሚጨርሱትን ልጆች በየዓመቱ በረድፍ አቁሜ ያነሣኋቸው በዚሁ ካሜራ ነው። እንግዲህ በ2017 ዓ.ም. የመስቀል ማግስት ማብሪያውን ብጫነው አልበራ ባለኝ ጊዜ ማዘን ይገባኝ ነበር። እኔ ግን ደስ አለኝ።

ይህን ደስታዬን ለንስሓ አባቴ ነግሬአቸዋለሁ፤ ስለዚህ ለአንባቢም ብነግረው አላፍርም። ነገሩ እንዲህ ነው። ከዚያ በፊት ሁለት ሦስት ዓመት ያህል ሌላ ካሜራ ስመኝ ኖሬአለሁ። በየሠርጉ ቤት የማያቸው ወጣቶች የሚይዙት መሣሪያ ሃያ አራት ሚሊዮን ነጥብ ያለው ነው፤ የእኔው ስድስት ሚሊዮን ብቻ ነው። ከዚህ የተነሣ አሮጌው ካሜራዬ ዕለት ዕለት እያነሰብኝ ሄደ። ፊደል ያስቈጠሩኝን፣ ዳዊት ያስደገሙኝን የኔታን ፎቶግራፍ ሳላነሣ የቀረሁትም በዚሁ ምክንያት ነው። በየዓመቱ ለኅዳር ሚካኤል ሰንዳፋ አካባቢ ወዳለው ደብራቸው እሄዳለሁ፤ ካሜራውን ግን አልይዝም። «ለእርሳቸው የሚገባ ካሜራ ስገዛ አነሣቸዋለሁ» እል ነበር።

የሒሳብ መምህር ሆኜ ሳለ ሒሳቡን ሳልሠራው መቅረቴ ይገርመኛል። ስድስት ሚሊዮን ነጥብ ማለት በወርዱ 3,000፣ በቁመቱ 2,000 ነጥብ ማለት ነው። ሃያ አራት ሚሊዮን ደግሞ 6,000 በ4,000 ነው። ቍጥሩ አራት እጥፍ ቢመስልም ወርዱም ቁመቱም ያደገው እጥፍ ብቻ ነው። ጥሩ ኅትመት በአንድ ኢንች 300 ነጥብ ይፈልጋል ብንል፣ የእኔው ካሜራ 25 ሳንቲሜትር በ17 ሳንቲሜትር የሆነ ፎቶግራፍ ያለ አንዳች ጉድለት ያወጣል። በቤታችን ግድግዳ ላይ ከዚህ የሚበልጥ ፎቶግራፍ ተሰቅሎ አያውቅም። ምኞት ግን ሒሳብ አይጠይቅም።

ካሜራው የተበላሸው የዕቁብ ዕጣ በወጣልኝ ሰሞን ነበር። ባለቤቴ ያንን ገንዘብ አስቀድማ ለማእድ ቤቱ ጣራ አስባዋለች፤ ቆርቆሮው ዝጎ ስለ ተበሳ፣ ክረምቱን ሁሉ ከምድጃው አጠገብ ባልዲ ደቅና ነበር እንጀራ የምትጋግረው። እኔም አብሬ «እሺ፣ ጣራው ይቅደም» ብያለሁ። አሁን ግን ካሜራው ሞተ። ምኞት የነበረው ነገር በአንድ ሌሊት ችግር ሆነልኝ፤ ችግር ሲሆን ደግሞ አፍ አውጥቶ ለመናገር አያሳፍርም።

ወደ አንድ ጠጋኝ ዘንድ ወሰድሁት። ሰውየው ባትሪውን አውጥቶ መለሰ፤ ማብሪያውን ሁለት ጊዜ ተጫነ፤ ከዚያም አንድም ብሎን ሳይፈታ «ዋናው ሰሌዳ ተቃጥሏል፤ መለዋወጫም የለውም» አለኝ። ተማሪዬ በፈተና ላይ እንዲህ ያለ መልስ ቢሰጠኝ «ከምን ዐወቅህ?» ብዬ በጠየቅሁት ነበር። ይህን ሰው ግን አልጠየቅሁትም፤ መስማት የፈለግሁትን ነግሮኛልና። ወዲያው ከመስታወቱ ሥር ሌላ ያገለገለ ካሜራ አወጣና አሳየኝ። ዋጋው የሦስት ወር ደመወዜን ያህላል። «ዐሥር ሺሕ ጊዜ እንኳ ያልተነሣበት ነው» አለኝ።

ደግነቱ የፊዚክስ መምህር የሆነ ባልንጀራዬ አብሮኝ ነበር። ካሜራ የሚያውቅ ሰው ነው፤ ያገለገለ ዕቃ መግዛትን አይንቅም፤ እንዲያውም በ2008 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር የወጣውን ኒኮን ዲ90 እስከ ዛሬ ይሠራበታል። እርሱ ያደረገውን ልንገራችሁ፤ ለአንዳችሁ ይጠቅም ይሆናልና። በመጀመሪያ የሌንሱን ቀዳዳ እስከ መጨረሻው አጥብቦ ነጭ ግድግዳ አነሣ፤ በምስሉ ላይ ጥቋቁር ነጠብጣብ ከታየ በውስጥ ብርሃን ተቀባዩ ላይ ትቢያ አለ ማለት ነው። ትቢያስ ይጠረጋል። ቀጥሎ በሌንሱ ላይ የእጅ ባትሪ አብርቶ ከወዲያ ማዶ ተመለከተ። የሸረሪት ድር የሚመስል ቀጭን ክር አየ፤ ይህ እርጥበት ባለበት ቦታ የቆየ ሌንስ የሚያወጣው ሻጋታ ነው፤ ብርጭቆውን ከበላው በኋላ አይመለስም። በመጨረሻ ያነሣውን ፎቶግራፍ በኮምፒዩተር ከፍቶ፣ ካሜራው ከምስሉ ጋራ የሚመዘግበውን ቍጥር ፈለገ። መጋረጃው የተከፈተው 87,000 ጊዜ ነበር። እንዲህ ያለ መጋረጃ በአነስተኞቹ ካሜራዎች 50,000፣ በጠንካሮቹ 150,000 ጊዜና ከዚያም በላይ እንዲከፈት ታስቦ የሚሠራ ነው፤ ከዚያ የሚያልፍም፣ ከዚያ በፊት የሚሰበርም አለ። ሻጩ ቍጥሩን ሲያይ «የነገረኝ ሰው ዋሽቶኝ ነው» አለና፣ በሚቀጥለው ሳምንት ሌላ አመጣልሃለሁ ብሎ ቃል ገባልኝ። እኔም ያን ሳምንት ቀን እየቈጠርሁ ጠበቅሁ።

በዚያው ሳምንት እሑድ፣ ከቅዳሴ መልስ፣ ዐሥራ አራት ዓመት የሆናት ልጄ የሞተውን ካሜራ ይዛ በረንዳ ላይ ስታገላብጠው አየኋት።

«አባዬ፣ የባትሪው መዝጊያ እዚህ ጋ ተሰብሯል እኮ» አለችኝ።

ቀርቤ አየሁ። በመዝጊያው ጫፍ ላይ የነበረች፣ ከስንዴ ቅንጣት የማትበልጥ የላስቲክ ምላስ ተቈርጣ ወድቃለች። በዚያው ትይዩ በካሜራው አካል ላይ አንዲት ጠባብ ቀዳዳ አለች። ለካ ምላሲቱ መዝጊያው ሲዘጋ በቀዳዳዋ ገብታ በውስጥ ያለችውን ጥቃቅን ማብሪያ የምትጫን ኖራለች። ምላሲቱ ከሌለች ካሜራው መዝጊያው ክፍት ነው ብሎ ያምናል፤ ባትሪው ሙሉ ቢሆንም አልበራም ይላል። ልጄ የክብሪት እንጨት ቀጥና በቀዳዳዋ አገባችና ማብሪያውን ተጫነች። አረንጓዴዋ መብራት በራች።

ልጅቱ እልል አለች። እኔ ግን፣ ጌታ ይቅር ይበለኝ፣ ልቤ ወረደ። እንጨቱን መዝዤ «ይህ እንኳ አያስተማምንም» ብዬ ነገሩን ላዳፍነው አሰብሁ። ቃሉ በአፌ ላይ ደርሶ ነበር። በዚህ ጊዜ ባለቤቴ ዓይኗን በነጠላዋ ጫፍ እየጠረገች ከማእድ ቤት ወጣች።

«በራ እንዴ?» አለች።

«በራ» አልኋት።

ሌላ ምንም አላለችም። ተመልሳ ገባች። በማግስቱ ቆርቆሮና ሚስማር ገዛሁ።

ከዚያ በኋላ ካሜራውን በደንብ ጠገንነው። ካለቀ እስክሪብቶ ላይ ቍራጭ ላስቲክ ቈርጠን በምላጭ ሞረድንና በመዝጊያው ጫፍ ላይ በፈጣን ማጣበቂያ አጣበቅነው፤ ማጣበቂያው ወደ ቀዳዳዋ እንዳይገባ አንድ ሌሊት መዝጊያውን ክፍት አድርገን አሳደርነው። የባትሪውን መንኪያ ብረቶች በላጲስ ፈትገን፣ አልኮል በነካ ጥጥ ጠረግናቸው። አካሉን ግን አልከፈትንም፤ እናንተም እንዳትከፍቱ አደራ እላለሁ። ፍላሽ ባለው ካሜራ ውስጥ ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅም ዕቃ አለ፤ ባትሪው ከወጣ በኋላ እንኳ እስከ ሦስት መቶ ቮልት ይዞ ሊቈይ ስለሚችል፣ በልጅ እጅ የሚነካ ነገር አይደለም።

አንድ ነገር ደግሞ አስቸገረን። የጠፋውን ሚሞሪ ካርድ ለመተካት ባለ 32 ጊጋባይት ገዝቼ ባስገባው ካሜራው አላውቀውም አለ። ይህ ብልሽት አይደለም። ከሁለት ጊጋባይት የሚበልጠው ዓይነት ካርድ ደንቡ የወጣው በ2006 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ነው፤ ከዚያ በፊት ከተሠሩት ካሜራዎች ብዙዎቹ ሊያነቡት አይችሉም። ባልንጀራዬ ከመሳቢያው አንዲት ባለ ሁለት ጊጋባይት ካርድ ፈልጎ ሰጠኝ። ሲሰጠኝም «ገንዘብ ካገኘህ ካሜራ አትግዛ፤ ሌንስ ግዛ» አለኝ። ቀዳዳው 1.8 ድረስ የሚከፈት ባለ 50 ሚሊሜትር ሌንስ፣ አሁን ካለኝ 5.6 ከሚለው ይልቅ ወደ ዐሥር እጥፍ የሚጠጋ ብርሃን ያስገባል። ለጨለማ ቤት ከነጥብ ብዛት ይልቅ ይህ ይጠቅማል። ያገለገለው ከካሜራው ይልቅ በርካሽ ይገኛል፤ ነገር ግን አንዳንድ ካሜራ ሌንሱን የሚያዞር ሞተር በውስጡ ስለሌለው፣ ሳይሞክሩ መግዛት አይገባም።

ኅዳር 12 ቀን ካሜራውን በአንገቴ አንጠልጥዬ ወደ ደብሩ ሄድሁ። ታቦቱ ከገባ በኋላ ወደ የኔታ ቤት አመራሁ። እንደ ወትሮው እግራቸውን ስሜ ተነሣሁ።

«ማነህ?» አሉኝ።

ስሜን ነገርኋቸው። እጄን ይዘው ፊቴን ዳበሱ። ባለፈው ዓመት በመጣሁ ጊዜ መነጽር አድርገው ያነቡ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ በፋሲካ ገደማ ሁለቱም ዓይናቸው ጠፍቷል። ይህን የነገረኝ ሰው አልነበረም። ሰባት ዓመት በማንበቤ ላይ ያረፈው፣ አንዲት ፊደል ብሳሳት ከገበታው ቀና ብሎ የሚጠብቀኝ ያ ዓይን ነበር ለእኔ የኔታ ማለት። ላነሣው የፈለግሁትም እርሱን ነበር። አምና ብመጣበት ኖሮ ስድስቱ ሚሊዮን ነጥብ ለዚያ ዓይን ይበቃ ነበር።

ጥቂት ዝም ብዬ ተቀመጥሁ። ከዚያም ፎቶግራፍ እንዳነሣቸው ለመንኋቸው።

«አሁን ምን አለኝና ታነሣኛለህ፣ ልጄ» አሉ፤ ቢሆንም ጥምጥማቸውን አስተካከሉ።

ቤቱ ጨለማ ነው፤ አሮጌ ካሜራ ደግሞ በጨለማ ምስሉን አሸዋ የተነሰነሰበት ያስመስለዋል። ፍላሹን በፊታቸው ላይ ማብራት አልፈለግሁም። ስለዚህ በርጩማቸውን ወደ በሩ አጠጋሁና፣ ብርሃኑ ከጎን እንዲመጣላቸው አድርጌ፣ ክንዴን በመቃኑ ላይ አስደግፌ ትንፋሼን ይዤ ተጫንሁ። መጋረጃው ቀጭ አለ። የኔታ ራሳቸውን ዘንበል አድርገው ካዳመጡ በኋላ «ይህ በሠርግህ ዕለት የነበረው አይደለም?» አሉኝ። ነው አልኋቸው።

ፎቶግራፉን 18 በ24 አሳጥቤ አንዱን ለእርሳቸው ቤት ላክሁ፤ አንዱ ከእኛ ዘንድ ተሰቅሏል። እጃቸው በዳዊቱ ላይ ነው፤ የጣቶቻቸው መጨማደድ፣ የመጽሐፉ ቆዳ ስፌት ሳይቀር ይታያል። ዓይናቸው ተከድኗል። እንግዳ የመጣ እንደ ሆነ በጸሎት ላይ ሳሉ የተነሡ ይመስለዋል፤ እኔም አላርመውም።

አንድ ብልሽት ብቻ ቀርቷል። በካሜራው ውስጥ ሰዓቱን የምታቈይ ትንሽ ባትሪ ስላለቀች፣ ዋናው ባትሪ በወጣ ቍጥር ቀኑ ወደ ጃንዋሪ 1 ቀን 2005 ይመለሳል። የየኔታም ፎቶግራፍ የተመዘገበው በዚሁ ቀን ነው። ድሮም ጳጉሜን የማያውቅ መሣሪያ ስለ ሆነ በቀኑ አልታመነውም ነበር። ልጄ ፎቶግራፉን ከመስቀላችን በፊት ገለበጠችና በጀርባው ላይ በእርሳስ «ኅዳር 12 ቀን 2017 ዓ.ም.» ብላ ጻፈችበት።