ኒቆዲሞስ፣ ካንሳስ፦ በሐምሌ የምትሞላ ከተማ

ከዴንቨር ተነሥቶ በኢንተርስቴት 70 ወደ ምሥራቅ የሚነዳ ሰው፣ ካንሳስ ከገባ በኋላ ለሰዓታት የሚያየው የስንዴና የማሽላ ማሳ፣ ረጃጅም የእህል ጎተራና ሰፊ ሰማይ ነው። ዋኪኒ ላይ ከአውራ ጎዳናው ወጥቶ በመንገድ 283 ወደ ሰሜን እስከ ሂል ሲቲ፣ ከዚያም በመንገድ 24 ወደ ምሥራቅ ጥቂት ከሄደ ኒቆዲሞስ ይደርሳል። እ.ኤ.አ. የ2020 ቆጠራ እዚህ ያገኘው 14 ሰው ብቻ ነው። መላው የግራሃም ካውንቲ እንኳ ከ2,400 ብዙም አይዘልም። ለዓመታት የተመላለስኩባት ከተማ ስለሆነች ቁጥሩን አልጠራጠርም፤ የኒቆዲሞስ ሰው ማን እንደሆነ ግን ቁጥሩ አይናገርም።

አገሩ ከፍ ዝቅ የሚል ሣራማ ሜዳ ነው። ከከተማዋ በስተደቡብ የሰለሞን ወንዝ ደቡባዊ ክንድ ይፈሳል፤ ዛፍ ያለውም በብዛት እዚያው ወንዙ ዳር ነው። ዝናቡ አይታመንም፣ ነፋሱ አያርፍም። ታሪኳን የሚያስረዳኝ ይህ የዛፍ እጦት ነው፤ እንጨት በሌለበት ቤት የሚሠራው ምድርን በመቆፈር ነውና።

ከተማዋ የተቆረቆረችው በ1877 ነው። ደብልዩ. አር. ሂል የተባለ ነጭ የመሬት ደላላና ደብልዩ. ኤች. ስሚዝ የተባለ ጥቁር አገልጋይ፣ ከባርነት በወጡት የኬንታኪ ጥቁሮች ዘንድ ስለ ካንሳስ መሬት ሰበኩ። በዚያው ዓመት መስከረም 300 ያህል ሰው ከሌክሲንግተን አካባቢ ተነሥቶ በባቡር እስከ ኤሊስ መጣ። ከኤሊስ የቀረው 55 ኪሎ ሜትር ገደማ የእግር መንገድ ነበር።

ከዚህ በኋላ ያለውን ሁልጊዜ የምሰማው ከአንድ አዛውንት ነው። የመሥራቾቹ ዘር ናቸው፤ የሥራ ዘመናቸውን ከተማ አሳልፈው ወደ አያቶቻቸው መሬት ተመልሰዋል፤ ጨዋታ ከጀመሩ ፀሐይ እስክትጠልቅ አያቆሙም። በጣም የሚወዱት በ1878 የመጣችውን የዊሊያና ሂክማንን ታሪክ ነው። ባሏ «ኒቆዲሞስ ያውላት» ሲላት ከምድር ከሚወጣ ጢስ በቀር ያየችው አልነበረም፤ ሰዉ በጉድጓድ ቤት ይኖር ነበርና ጢሱ ከጭስ ማውጫቸው የሚወጣ ነበር። አለቀሰች። አዛውንቱ እዚህ ላይ ሁልጊዜ ቆም ይላሉ። «አለቀሰች፣ ግን አልተመለሰችም» ይሉና ጣታቸውን ወደ መሬት ይጠቁማሉ። የተመለሱም ነበሩ፤ እሳቸው በእነሱ አይፈርዱም። የቀሩት ግን የመጀመሪያውን ክረምት ያለፉት ከአደን የሚመለሱ የኦሴጅ ነባር ሕዝቦች ምግብ ስላካፈሏቸው ጭምር ነው። ይህን ሳይጠቅሱ የከተማዋን ታሪክ የሚያወሩ ሰዎች ያስቆጧቸዋል፤ እኔም በዚህ ከእሳቸው ጋር ነኝ።

አሥር ዓመት ሳይሞላ ቤተ ክርስቲያን፣ ትምህርት ቤት፣ ሆቴል፣ ሱቆችና ሁለት ጋዜጦች ነበሯት። በ1878 እዚህ የሰፈረው ኤድዋርድ ማኬብ በ1882 የካንሳስ ግዛት ኦዲተር ሆኖ ተመረጠ። ሰፋሪዎቹ በጉድጓድ ቤት በጀመሩበት አገር፣ ያውም በዚያ ዘመን፣ ጥቁር ሰው በመላው ግዛት ድምፅ ለሥልጣን ሲበቃ እንደ ቀላል የሚታይ አይደለም። ከዚያ የባቡር ነገር መጣ። ነዋሪው ባቡሩን ለመሳብ 16,000 ዶላር ቦንድ አጸደቀ፤ ሐዲዱ ግን በ1888 በወንዙ ማዶ አለፈ፣ ነጋዴውም ሱቁን ነቅሎ ሐዲዱ ዳር ወዳለችው ወደ ቦግ ሄደ። ድርቁ፣ የ1930ዎቹ የአቧራ ማዕበልና የከተማ ሥራ የቀረውን አሳሱት። ፖስታ ቤቱ በ1953 ተዘጋ።

ዛሬ የቆሙት ታሪካዊ ሕንፃዎች አምስት ናቸው፤ በ1996 በብሔራዊ ፓርኮች አገልግሎት ሥር ብሔራዊ ታሪካዊ ሥፍራ ተብለዋል። አዛውንቱ ልባቸው ያለው አሮጌው የኤ.ኤም.ኢ. (የአፍሪካ ሜቶዲስት ኤጲስቆጶሳዊ) ቤተ ክርስቲያን ላይ ነው። የእኔ ግን የማኅበረሰቡ አዳራሽ ላይ ነው። በ1939፣ ሥራ በጠፋበት ዘመን፣ በመንግሥት የሥራ ፕሮግራም ከኖራ ድንጋይ ተሠራ። ግድግዳው ወፍራም ነው፤ በበጋ ሙቀት ከውጭ ሲገቡ ቀዝቀዝ ይላል። ስብሰባው፣ ምርጫው፣ ጭፈራው፣ የሐዘን ምግቡ ሁሉ ያለፈው በዚህ ክፍል ነው። አሁን እንግዳ የሚቀበሉት እዚያ ነው፤ ፎቶዎቹን እያየሁ ሳላውቀው ግማሽ ቀን ይሄዳል።

ከተማዋን በሙሉ ቁመናዋ ማየት የሚፈልግ ግን በሐምሌ፣ በፈረንጆቹ ጁላይ የመጨረሻ ቅዳሜና እሑድ ይምጣ። ያኔ የሚከበረው የነፃነት በዓል ሥሩ የኦገስት 1 መታሰቢያ ነው፤ በብሪታንያ የካሪቢያን ቅኝ ግዛቶች በ1834 የባርነት መሻር ሥራ ላይ የዋለበት ዕለት። ድሮ ወንዙ ዳር ባለው ጥላ ሥር ይበላ፣ ይጫወት፣ ቤዝቦል ይካሄድ ነበር። አሁንም ከዴንቨር፣ ከካንሳስ ሲቲ፣ ከካሊፎርኒያ ዘሩ ሁሉ ልክ እንደ ዓመት ንግሥ ይሰበሰባል። ሰልፍ አለ፣ መዝሙር አለ፣ ሥጋ ይጠበሳል፣ እሑድ ጸሎት ይደረጋል። አዛውንቱ ወንበራቸውን በር ላይ ያወጡና የሚያልፈውን ልጅ ሁሉ «የማን ልጅ ነህ?» ይላሉ። ልጁ የአያቱን ስም ሲጠራ ማሳው የት እንደነበር፣ ማንን እንዳገባ፣ ለምን ከዚህ እንደሄደ ይነግሩታል። የቆጠራ ሠራተኛ በሚያዝያ መባቻ የሚያገኘው 14 ሰው ነው፤ አዛውንቱ በዚያ በር ላይ የሚቆጥሩት ግን በመቶዎች ነው። ብዙዎቹም ርቀው እየኖሩ የአያቶቻቸውን መሬት አልሸጡም፤ ጎረቤት ያርሰዋል፣ ግብሩን እነሱ ይከፍላሉ።

እዚህ ለማደር ማሰብ አይበጅም፤ አልጋ የሚገኘው ሂል ሲቲ ወይም ስቶክተን ነው። ውኃና ባርኔጣ መያዝ ደግሞ ግድ ነው። በሩ ላይ ለተቀመጡት አዛውንት ቀድማችሁ ሰላምታ ስጡ። የአባትና የአያት ስም ይጠይቃሉ፤ እኔ የራሴን እስከ ሰባት ቤት ስቆጥርላቸው ወንበር አስጠጉልኝ።