ጅቡ አያውቅማ!

የልጅነት ቤታችን ኮርኒስ አቡጀዲ ነበር። ከቀበና ወንዝ በላይ ባለው ዳገት ላይ የቆመች፣ ቆርቆሮ ክዳን ያላት የጭቃ ቤት ናት። ክረምት ሲገባ አቡጀዲው እርጥበት ይጠጣና የተለጠፈበት የዱቄት ሙጫ መሽተት ይጀምራል። ያ ሽታ ከእማዬ የቡና ጭስና ከአያቴ ጧፍ ጋር ተቀላቅሎ ቤቱን ይሞላዋል። ዛሬም እርጥብ ጨርቅና የዱቄት ሙጫ ባንድነት ከሸተተኝ ዓይኔ ላይ ድቅን የሚለው ታናሽ ወንድሜ ማሙሽ ነው። ያኔ ማሙሽ የሌለበት ቤት አልነበረም፤ እኔ ግን የማወራችሁ ስለኛው ነው።

አኩኩሉ ስንጫወት ማሙሽ የሚደበቅባት ቦታ አንዲት ነበረች። መደቡ ላይ፣ እመሀል ቤት፣ ሁሉ ሰው በሚያየው ቦታ ቁጭ ይልና ዓይኑን በሁለት እጁ ይጨፍናል። «አልነጋም!» ይላል ከዚያው ሆኖ፣ እኔ ፊቱ ቆሜ። እሱ ካላየን እኛም አናየውም። ሦስት ዓመቱ ነበር። ልነግረው ስል አያቴ፣ እምዬ የምንላት፣ ከምድጃው አጠገብ ሆና «ተይው ልጄ፣ የሱ ዓለም ገና አንድ ክፍል ቤት ናት» ትለኝ ነበር። እምዬ ፊደል አልቆጠረችም። ልጅ ግን ታነብ ነበር።

ዘመኑን ታውቁታላችሁ። በ1969 ዓ.ም. መጋቢት ላይ የደርግ የቤት ለቤት አሰሳ መጣ። መሣሪያ ይፈለጋል፣ ማባዣ ይፈለጋል፣ የጽሕፈት መኪና ይፈለጋል፣ ከሁሉም በላይ ግን ወጣት ይፈለጋል። እማዬ ቤት ውስጥ ያለውን ወረቀት ሁሉ፣ የትምህርት ቤት ደብተር ሳይቀር፣ ምድጃ ውስጥ ከተተችው። በዚያ ሰሞን የሰፈራችን ጭስ የእንጀራ ምጣድ ጭስ አልነበረም፤ የወረቀት ጭስ ነበር፣ ጉሮሮ የሚከረክር።

ከአጥራችን ቀጥሎ የሚኖሩት ጎረቤቶቻችን የማሙሽን እኩያ የሆነ ትንሽ ልጅ ነበራቸው። አብረው አፈር ይፈጫሉ፣ አብረው ይኮረኮማሉ። አሳሾቹ እነሱ ቤት የገቡ ዕለት እኔ በአጥሩ ቀዳዳ አይ ነበር። ጓዳውን አገላበጡ፣ ጎታውን አስጎነበሱ፣ ምንም አላገኙም። ሊወጡ ሲሉ አንደኛው ጎንበስ አለና ልጁን «ወንድምህስ የት አለ?» አለው። ሕፃን አይዋሽም ይባላል አይደል? ስለዚህ ሕፃን ይጠየቅ ነበር። ልጁም በጣቱ አሳየ፤ ማገዶው ከተከመረበት በስተጀርባ። ደስ ብሎት ነው ያሳየው፤ ጨዋታው ነበር። ወንድሙን እጁን የፊጥኝ አስረው ሲያወጡት ልጁ እጁን አውለበለበለት። ወንድሙ ዞር ብሎ ፈገግ አለለት፤ በራሱም ነቀነቀለት። ይህን በዓይኔ አይቻለሁ። ያ ወጣት ከዚያ ወዲያ አልተመለሰም።

ልጁ ስም ወጣለት። ስሙን እዚህ አልጽፈውም። ቦኖ ውሃ ወረፋ ላይ ሴቶቹ በሹክሹክታ ይጠሩበት ነበር፤ ልጆቹም ሰምተው በጩኸት ይጠሩበት ጀመር። እናቱ አንድ ቀን እንኳ እጇን አላነሳችበትም። ግን ዓይኗን ከሱ ላይ አነሳች፤ ያም ከዱላ የከፋ ነበር።

ከዚያ በኋላ በየቤቱ ልጆችን ዝም ማሰኘት ትልቁ ሥራ ሆነ። አንዱ በቁንጥጫ፣ አንዱ በበርበሬ ጭስ፣ አንዱ «ምላስህን እቆርጠዋለሁ» እያለ። እማዬም ነፍሷን ይማርና ማሙሽን ጭኑ ላይ ቆንጥጣ «ወረቀት ማቃጠሌን ለሰው እንዳትናገር» አለችው። ወዲያው ወደ ደጅ ወጣ፤ ወተት ልታደርስ የመጣችውን ሴትዮ በር ላይ ያዛትና «እማዬ ወረቀት አቃጥላለች ብለህ እንዳትናገር ብላኛለች» አላት። ትእዛዙን ጠብቆ ነበር እኮ! እሱ የሚያውቀውን ሌላው ሰው ሁሉ የሚያውቅ ከሆነ ምስጢር ምንድን ነው? ለማንስ ነው የሚደበቀው?

እምዬ በሌላ በኩል ሄደች። ሰዓት እላፊው ሁላችንንም በጊዜ ቤት ይሰበስበናል፤ ፍሙ እየከሰመ ሲሄድ ማሙሽን ጋቢዋ ውስጥ ትሸጉጠውና ተረት ትጀምራለች። ጅብና ጦጢት አብረው ሥጋ ያገኛሉ። ጅቡ ሥጋውን ስልቻ ውስጥ ከትቶ ውሃ ሊጠጣ ወንዝ ይወርዳል። ጦጢት ሥጋውን ታወጣና በምትኩ ድንጋይ ትሞላበታለች። እምዬ እዚህ ላይ ትቆማለች።

«እስቲ ንገረኝ፤ ጅቡ ተመልሶ ስልቻውን ሲያየው፣ ውስጡ ምን አለ ብሎ ያስባል?»

«ድንጋይ!» ይላል ማሙሽ።

«ወንዝ ወርዶ የለም እንዴ? አይቷል?»

«ድንጋይ ነው! ድንጋይ ነዋ ያለው!»

አትቆጣውም። «እሺ የኔ ጌታ» ትለውና ትቀጥላለች። በሌላ ሌሊት ስልቻው ቅል ይሆናል፣ ሥጋው ማር፣ ጦጢትም ጥንቸል። ጥያቄው ግን አንድ ነው። እኔ ትልቋ፣ ሁሉን አውቃለሁ ባይዋ፣ መልሱን ልነግረው አፌን ስከፍት በክርኗ ጎሸም ታደርገኛለች።

መስቀል ባለፈ ሰሞን ነበር፤ የ1970 መጀመሪያ መሆኑ ነው። ጅቡ እንደ ልማዱ ወንዝ ወረደ፣ ጦጢት እንደ ልማዷ ድንጋይ ሞላች። እምዬ ገና ሳትጠይቀው ማሙሽ ከጋቢው ውስጥ ተነስቶ ቆመ። «ጅቡ አያውቅማ! እሱ እኮ አላየም! ሥጋ መስሎት ድንጋይ ሊሸከም ነው!» እያለ መሬት ላይ እየተንከባለለ ሳቀ። ያን ሳቅ እንዴት ልንገራችሁ! ያን ያህል ጊዜ የሰማው ተረት ነው፤ አንድ ቀን እንኳ እዚያ ቦታ ላይ ስቆ አያውቅም። ስቆ ስቆ ደከመውና ዝም አለ። ቆይቶ በቀጭን ድምፅ «እምዬ፣ ጅቡ ያሳዝናል» አለ።

እምዬ ግንባሩን ሳመችው። ሌላ ምንም አላለችም።

በዚያው ዓመት የእማዬ ታናሽ ወንድም፣ ጋሼ የምንለው የዩኒቨርሲቲ ተማሪ፣ በሌሊት መጣ። ከአቡጀዲው በላይ ባለው ወራጅ እንጨት ላይ ሳንቃ ተጋደመለትና እዚያ ተኛ። ሲገላበጥ አቡጀዲው ይርገበገባል። የሲጋራው ሽታ እንዳይወጣ እምዬ ቀኑን ሙሉ ዕጣን ታጤሳለች። እማዬ ማሙሽን ዘመድ ቤት ልትልከው ፈለገች። እምዬ አልፈቀደችም፤ አጠገቧ አስቀምጣ አነጋገረችው።

«ጋሼ እላይ ነው። እኛ እናውቃለን። ውጪ ያሉት ግን አያውቁም። ቢያውቁ ይወስዱታል። ሲወስዱት ጋሼ ምን ይሆናል?»

አሰበ። «ይፈራል።»

«እማዬስ?»

«ታለቅሳለች።»

«እንግዲህ ውጪ ያሉት እንደ ጅቡ ይሁኑ» አለችው። ቁንጥጫ የለም፣ በርበሬ የለም።

ሰኔ ላይ የአብዮት ጥበቃው ልጅ የስኳር ኮታ መዝገብ ይዞ መጣ። ጠመንጃውን ጉልበቱ ላይ አጋድሞ ሻይ ጠጣ። ከኪሱ ደስታ ከረሜላ አወጣና ማሙሽን ጠራው። «ጋሼህ መጥቶ ነበር አይደል? ለኔ ብቻ ንገረኝ።» እማዬ የያዘችው ማንቆርቆሪያ ሲንቀጠቀጥ አየሁ። ማሙሽ ቀና ብሎ ኮርኒሱን አላየም። ልብ በሉ፤ አላየም! ከረሜላውን ተቀበለና «ጋሼ ሐረር ነው። ሲመጣ ከዚህ የሚበልጥ ያመጣልኛል» አለው። ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም ይባላል፤ ሰውየውም የአምስት ዓመት ልጅ እንዲህ ያለ ነገር ያቦካል ብሎ አልጠረጠረም። ስቆ ወጣ።

ማታ ግን ማሙሽ ከረሜላውን ሳይልጠው እምዬ እቅፍ ውስጥ ገብቶ ተንሰቀሰቀ። «ዋሸሁ። እግዜር ይቆጣኛል?» ውሸት ኃጢአት መሆኑን ያስተማረችው ራሷ እምዬ ናት። እኛ ሁላችን አንገታችንን ደፋን። እምዬ «ለምን ዋሸህ?» አለችው። «ጋሼን እንዳይወስዱት» አላት። «እግዜርም ሲጠይቅህ እንደዚሁ ለምን ብሎ ነው የሚጠይቅህ። ይህንኑ ትነግረዋለህ» አለችው። ከላይ አቡጀዲው ተርገበገበ። ጋሼ እያለቀሰ ነበር።

ጋሼ ክረምቱን ተሻግሮ በመተማ በኩል ሱዳን ገባ፤ ተርፏል።

እኔ አድጌ የመዋለ ሕፃናት መምህርት ሆንኩ። ሥልጠና ላይ ነው፣ የጠመኔ ብናኝ በሚያፍንበት ክፍል ውስጥ፣ ዣን ፒያዤ የሚባል ስዊዘርላንዳዊ መኖሩን የሰማሁት። ይህ ሰው ጄኔቭና ኔሻቴል ውስጥ ብይ ከሚጫወቱ ልጆች ጋር ተቀምጦ «ሕጉን አስተምሩኝ፤ ከየት መጣ? መለወጥስ ይቻላል?» እያለ ይጠይቅ ነበር። ትንንሾቹ ሕጉ ከአባቶች የመጣና የማይነካ ነው ሲሉ፣ ከፍ ያሉት ግን ሁላችን ከተስማማን ይለወጣል አሉት። የኛ ሰፈር ልጆች ብይ ላይ ሲጨቃጨቁ «እነዚህ ዱርዬዎች» ይባሉ ነበር፤ ለካ ሕግ ማውጣት እየተማሩ ኖሯል። በ1932 (እ.ኤ.አ.) ባሳተመው መጽሐፉ ልጆቹን ስለ ስኒም ይጠይቃቸዋል። አንዱ ሳያውቅ በር ሲከፍት ከበሩ ኋላ የነበሩ 15 ስኒዎችን ይሰብራል፤ ሌላው ማርማላታ ሊሰርቅ ተንጠራርቶ አንድ ስኒ ይሰብራል። ጥፋተኛው ማን ነው? ትንንሾቹ 15 የሰበረው ነው ይላሉ። ውሸትንም እንዲሁ ይመዝኑታል። ላም የሚያህል ውሻ አየሁ ያለው ልጅ፣ እናቱን ሊያታልል ከዋሸው ልጅ የባሰ ውሸታም ነው፤ ነገሩ ከእውነት የራቀ ነውና። «ለምን?» ብሎ አሳብን መመዘን ቆይቶ ነው የሚመጣው። ፒያዤ ያን ወደ ዘጠኝ አሥር ዓመት ያስጠጋዋል። ከሱ በኋላ የመጡት ግን ነገሩ በግልጽ ከተነገራቸው ከዚያ በታች ያሉ ልጆችም አሳብን እንደሚመዝኑ አሳይተዋል። እኔ ደግሞ እምዬ እቅፍ ውስጥ አይቼዋለሁ።

ከሁሉ ያስደነገጠኝ ግን ሌላ ነበር። በ1983 (እ.ኤ.አ.) ሃይንዝ ቪመርና ዮሴፍ ፔርነር የሚባሉ የኦስትሪያ ተመራማሪዎች ለልጆች አንድ ታሪክ ነገሩ። ማክሲ የሚባል ልጅ ቸኮላቱን አንድ ቁም ሳጥን ውስጥ አስቀምጦ ይወጣል፤ እናቱ ሳያይ ወደ ሌላ ታዛውረዋለች። ማክሲ ሲመለስ ቸኮላቱን የት ይፈልጋል? ሦስት ዓመት ገደማ ያሉት «አሁን ያለበት ቦታ» ይላሉ። መልሱን ማግኘት የሚጀምሩት አራት ዓመት ካለፋቸው በኋላ ነው። ጥናቱ ከዚያ ወዲህ በብዙ አገር ተደግሟል፤ ወንድም እህት ያላቸው፣ ሰው ምን እንደሚያስብና ምን እንደሚሰማው በቤታቸው የሚነገራቸው ልጆች ቀደም ብለው እንደሚደርሱበትም ታይቷል። አሠልጣኛችን ይህን ሰሌዳው ላይ ስትጽፍ እኔ የማየው ስልቻ ነበር። ድንጋይ የሞላበት ስልቻ። ከዚያ ደግሞ ወደ ማገዶው ክምር ጀርባ የተዘረጋች ትንሽ ጣት። ደብተሬን ዘግቼ አለቀስኩ።

ያ ልጅ የሦስት ዓመት ልጅ ነበር። አሳሾቹ የማያውቁት ነገር መኖሩን ሊያውቅ የሚችልበት አእምሮ ገና አልበሰለለትም ነበር። ሊጠቁም አይችልም፤ ጥቆማ ማለት ሌላው የማያውቀውን ማሳወቅ ነውና። ማሙሽም በዚያ ዕድሜው፣ በዚያው መጋቢት ቢጠየቅ ኖሮ፣ ያው ጣት ነበር የሚዘረጋው። ጣቱን በዘረጋው ልጅና ጋሼን ባልጠቆመው ማሙሽ መካከል የነበረው ልዩነት የአንድ ዓመት ዕድሜና የእምዬ ተረት ብቻ ነው።

የዚያ ልጅ እናት ስታርፍ ለቅሶ ሄጄ ነበር። ሃምሳ የተጠጋው ሰው ድንኳኑ ጥግ ብቻውን ተቀምጧል። አጠገቡ ተቀመጥኩና በአጥሩ ቀዳዳ ያየሁትን ነገርኩት፤ ወንድሙ እንደሳቀለት፣ በራሱ እንደነቀነቀለት። አያስታውሰውም። ማውለብለቡን ብቻ ነው የሚያስታውሰው። «እርግጠኛ ነሽ?» አለኝ ደጋግሞ። እርግጠኛ ነኝ።

እናንተ ከኛ ሰፈር ወጥታችሁ በያለበት የተበተናችሁ፣ ያን ስም የምታውቁት፣ ዛሬም በለቅሶና በሠርግ ላይ ስትገናኙ የምታነሱት፦ እባካችሁ ተዉት። ልጁን እናቱ ባወጣችለት ስም ጥሩት። ወንድሙን የወሰዱት ጠመንጃ የያዙ ትልልቅ ሰዎች ናቸው።