አውሮፕላኗን የሚያበራት ማነው?

 የዛሬው ረዘም ይላል። ስለ ራሽን ወይም ስለ ሪሴትልመንት አይደለም፤ ስልካችን ውስጥ ስለገባው ቁማር ነው። ቡና አፍልታችሁ እስከ መጨረሻው አንብቡልኝ።

ባለፈው ተርም አንድ የፎርም ፎር ተማሪዬ ከክፍል በኋላ ቆሞ ጠበቀኝ። ደብተሩን ገለጠልኝ። አራት ገጽ ሙሉ ቁጥር ነው፦ 1.24፣ 3.07፣ 1.00፣ 17.60... «ቲቸር፣ አንተ ሒሳብ ታውቃለህ። ፎርሙላውን ፈልግልን» አለኝ። ሦስት ቀን ሙሉ የአውሮፕላኗን ውጤት ሲመዘግብ ነው የከረመው። ይህን ያህል ትጋት በሎጋሪዝም ላይ አይቼበት አላውቅም።

ልቆጣው ይገባኝ ነበር። አልተቆጣሁም። እኔም የራሴ ደብተር ነበረኝና።

ጨዋታውን ለማታውቁት ላስረዳ። ስክሪኑ ላይ አንዲት አውሮፕላን ትነሳለች። ስትወጣ አንድ ቁጥር አብሯት ያድጋል፤ 1.10፣ 1.50፣ 2.00 እያለ። ከመሰወሯ በፊት «አውጣ» የሚለውን ከተጫንክ ያስያዝከው ገንዘብ በዚያ ቁጥር ተባዝቶ ይመለስልሃል። ቀድማህ ከበረረች ያስያዝከው አለቀ። አንዱ ዙር አብዛኛውን ጊዜ ግማሽ ደቂቃ አይሞላም። ገንዘቡ በኤም-ፔሳ ይገባል፣ በኤም-ፔሳ ይወጣል። ለአንድ ዙር ጥቂት ገንዘብ ይበቃል። ችግሩም ይኸው ነው።

አሁን የኔን ልንገራችሁ። ሪያድ ሰው ቤት የምትሠራው ታናሽ እህቴ 15,000 ሺሊንግ ላከችልኝ። ያገለገለ ላፕቶፕ ገዝቼ በኦንላይን ዲግሪዬን እንድቀጥል ነበር። እኔ ደግሞ «ሒሳብ አስተማሪ ነኝ» ብዬ አንድ ዘዴ አወጣሁ። በ50 ሺሊንግ እጀምራለሁ፣ ቁጥሩ 2 ሲደርስ አወጣለሁ። ከተበላሁ በ100፣ ከዚያ በ200፣ በ400 እያልኩ እጥፍ አደርጋለሁ። አንዴ ሳሸንፍ የጠፋው ሁሉ ተመልሶ 50 ሺሊንግ ትርፍ ይቀረኛል። ለዘጠኝ ቀን ሠራ። 3,000 ሺሊንግ አተረፍኩ። በአሥረኛው ማታ ሰባት ጊዜ ተከታትዬ ተበላሁ፦ 50፣ 100፣ 200፣ 400፣ 800፣ 1,600፣ 3,200። ሲደመር 6,350። ስምንተኛውን 6,400 አስያዝኩ። እሱም ሄደ። የቀረው እስኪነጋ አልቆየም። ቆጥ አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይኸው ነው።

ለእህቴ «ላፕቶፑ ከናይሮቢ እየመጣ ነው» አልኳት። አንድ ወር ሙሉ እየመጣ ነበር።

ከዚያ በኋላ ነው ቁጭ ብዬ ነገሩ በእውነት እንዴት እንደሚሠራ ማንበብ የጀመርኩት። መጀመሪያ ማድረግ የነበረብኝን መጨረሻ አደረግሁት። ያገኘሁትን ላካፍላችሁ።

አንደኛ፣ አውሮፕላኗ የለችም። ስልካችን ላይ የምናየው ሥዕል ብቻ ነው። የት እንደምትጠፋ አውሮፕላኗ ከመነሳቷ በፊት ሩቅ አገር ባለ ሰርቨር ላይ ተወስኗል። ስልኩ የሚሠራው ሁለት ነገር ነው፦ የተወሰነውን አሳምሮ ማሳየትና «አውጣ» የሚለውን ትእዛዛችንን መላክ። ትእዛዙ የሚቆጠረው ሰርቨሩ ዘንድ በደረሰበት ሰዓት ነው። የካኩማን ኔትወርክ የምታውቁ ታውቁታላችሁ። «ተጭኜ ነበር እኮ!» ብሎ የሚጮኸው ልጅ አልዋሸም፤ ጣቱ ፈጥኗል፣ መልእክቱ ግን ዘግይቷል።

ሁለተኛ፣ ቁጥሩ ከየት ይመጣል? ኮምፒውተር የታዘዘውን የሚያደርግ ማሽን ነው፤ በራሱ ዕጣ ማውጣት አይችልም። ስለዚህ «ዘር» ከሚሉት መነሻ ቁጥር ተነስቶ፣ በቀመር እያባዛና እያደባለቀ፣ ዕጣ የሚመስሉ ቁጥሮችን ያወጣል። ዘሩ ከታወቀ ሁሉም ይታወቃል። እ.ኤ.አ. በ1999 ይህ በተግባር ታይቷል። አንድ የኢንተርኔት ፖከር ጨዋታ ካርታ የሚበውዝበትን ቀመር በይፋ አውጥቶ ነበር። 52 ካርታ ሊደረደር የሚችልባቸው መንገዶች ብዛት 8 ተጽፎ 67 ዜሮ ቢከተለው ነው። ያ ፕሮግራም ግን ዘሩን የሚወስደው ከእኩለ ሌሊት ጀምሮ ካለፉት ሚሊሰከንዶች ነበር። በአንድ ቀን ውስጥ ያሉት ደግሞ 86,400,000 ብቻ ናቸው። የሶፍትዌር ባለሙያዎች ሰዓታቸውን ከሰርቨሩ ጋር አስተካክለው፣ የታዩትን አምስት ካርታዎች አስገብተው፣ በእያንዳንዱ ተጫዋች እጅ ያለውን ማወቅ እንደሚቻል አሳዩ።

«ታዲያ ይቻላል ማለት ነው!» የምትል ልጅ፣ ቀስ በል። ከዚያ ወዲህ በሩ ተዘግቷል። አሁን ዘሩ የሚወሰደው ከሰዓት ሳይሆን ማንም ሊገምተው ከማይችል ምንጭ፣ ለምሳሌ ከኤሌክትሮኒክስ ጩኸት ነው። ቀመሩም የባንክ ምስጢር ከሚጠበቅበት ጋር አንድ ዓይነት ነው። ስለዚህ በቴሌግራም «ቀጣዩን ቁጥር የሚናገር አፕ» እያሉ የሚሸጡላችሁ ሰዎች ሌቦች ናቸው። አፑ ቢሠራ ኖሮ በ500 ሺሊንግ ለስደተኛ አይሸጡትም፤ ተደብቀው ይጫወቱበት ነበር።

ሦስተኛ፣ «ያጭበረብራሉ» የሚለው ነው። ፈቃድ የሌላቸውና የሚያጭበረብሩ አይጠፉም። ብዙዎቹ የአውሮፕላን ጨዋታዎች ግን ውጤቱን የምታረጋግጡበት መንገድ ይሰጣሉ። ከበረራው በፊት ምስጢሩን በታሸገ ፖስታ እንደማስቀመጥ ነው፤ ሃሽ የሚባል ረጅም የፊደልና የቁጥር ሰንሰለት ያሳዩሃል። ከበረራው በኋላ ምስጢሩን ይከፍቱታል፤ አንተም ከፖስታው ጋር አንድ መሆኑን ማመሳከር ትችላለህ። መሃል ላይ ቢቀይሩት አይገጥምም። እኔም አንድ ማታ ከአሥር በላይ ዙር አመሳከርኩ። ሁሉም ገጠመ። ያን ጊዜ ነው በእውነት የደነገጥኩት። አላጭበረበሩኝም፤ የበሉኝ በግልጽ በጻፉት ሕግ ነው።

አራተኛ፣ ሕጉ ምን ይላል? እኔ የተጫወትኩት ጨዋታ የመመሪያ ገጽ ላይ «97 በመቶ ለተጫዋች ይመለሳል» ይላል። ስናነበው ደስ ይላል። ሒሳቡ ግን እንዲህ ነው። የትም ብታወጣ 97 በመቶ እንዲመለስ፣ አውሮፕላኗ አንድ ቁጥር ላይ የመድረስ ዕድሏ 0.97 ለዚያ ቁጥር ሲካፈል መሆን አለበት። 2 ላይ ለመድረስ ከመቶው 48.5፣ 10 ላይ ለመድረስ 9.7፣ 100 ላይ ለመድረስ ደግሞ አንድ እንኳ አይሞላም። 100 ጊዜ መቶ መቶ ሺሊንግ ብታስይዝ 10,000 አውጥተሃል። ሁልጊዜ 2 ላይ ብታወጣ በአማካይ 9,700 ይመለሳል። ሁልጊዜ 10 ላይ ብታወጣም 9,700 ነው። ዘዴ የሚባል ነገር የለም። የምትመርጠው በዝግታ መበላትን ወይም በድንገት መበላትን ነው።

3 በመቶ ትንሽ ይመስላል። የሚቆረጠው ግን በእያንዳንዱ ዙር ነው። የተመለሰውን ሁሉ እያስያዝክ 23 ዙር ብትጫወት በአማካይ ከገንዘብህ ግማሹ ሄዷል። 23 ዙር አሥር ደቂቃ ገደማ ነው። የኔ የማጠፍ ዘዴም በዚሁ ተበላ። ሰባት ጊዜ ተከታትሎ የመሸነፍ ዕድል ከ104 አንድ ነው። 103 ጊዜ 50 ባተርፍ 5,150፤ አንዴ ስወድቅ ግን 6,350። ይህን አሥር ደቂቃ በማይፈጅ ስሌት ማወቅ እችል ነበር። አላሰላሁም፤ ዘጠኝ ቀን ሲሠራልኝ ማን ያሰላል?

ከዕቁብ ጋር አስተያዩት። ዕቁብም ዕጣ አለው። ስማችን በወረቀት ተጠቅልሎ ይወጣል። ግን የገባው ሁሉ ለእኛው ይመለሳል፣ ሁሉም ተራው ይደርሰዋል። በዚያኛው ዕጣ ውስጥ ያልተጻፈ አንድ ስም በየዙሩ ይወጣል፤ እሱም የባለቤቱ ነው።

ያን ተማሪ በማግሥቱ «ፎርሙላውን አግኝቼዋለሁ፣ ጓደኞችህን ሰብስብ» አልኩት። ክፍሉ ሞላ። 200 ባቄላና ቦሎቄ በከረጢት ይዤ ገባሁ፦ 97 ነጭ፣ 103 ቀይ። ለእያንዳንዳቸው 20 የጠርሙስ ክዳን ሰጠሁ። ነጭ ካወጣህ የያዝከውን ያህል እጨምርልሃለሁ፣ ቀይ ካወጣህ የኔ ነው። ፍሬው ተመልሶ ይገባል፣ ይበወዛል። መጀመሪያ ላይ ሳቅና ጭብጨባ ነበር። ያሸነፈው ይጮሃል፣ የተሸነፈው ዝም ይላል። ለዚህ ነው የሚያሸንፍ ሰው ብቻ ያለ የሚመስለን። አምስት ጊዜ ቀይ ሲከታተል «አሁን ነጭ ነው!» ብለው ያላቸውን ሁሉ አስያዙ። ከረጢቱን ከፍቼ አሳየኋቸው፤ «ባቄላ ያለፈውን ያስታውሳል?» ደወል ሲደወል አብዛኛው ክዳን ጠረጴዛዬ ላይ ነበር፤ እኔ ደግሞ አንድም ነገር አላጭበረበርኩም።

ባለ ደብተሩ ልጅ ረጅም ጊዜ ዝም ብሎ ቆየና «ቲቸር፣ ታዲያ ባለ ከረጢቱ እንዴት ነው የሚኮነው?» አለኝ። ሳቅን። ከዚያ የሱን ያህል የጠፋብኝን እኔም ነገርኳቸው። ያኔ ማንም አልሳቀም።

ለእህቴም ይህን ከመጻፌ በፊት ደውዬ ነገርኳት። ከሰው እንድትሰማው አልፈለግሁም። ብዙ ዝም አለች። ከኋላዋ የዕቃ ማጠቢያ ውሃ ይሰማል። «ጋሼ፣ ሒሳብ የሚያውቀው አንተ ነህ ብዬ እኮ ነው አንተን ያስቀደምኩህ» አለች። የግማሽ ወር ደሞዟ ነበር። ከኢንሴንቲቬ ላይ በየወሩ እያስቀመጥኩ ነው። ረጅም ጊዜ ይወስዳል፣ ይመለሳል።

ወገኖቼ፣ እዚህ የተቀመጥነው ሁላችንም አንድ ቀን ስማችን ይወጣል ብለን ዕጣ እየጠበቅን ነው። ሰሌዳ ላይ ስም ስናይ ልባችን ይመታል። አውሮፕላን ደግሞ ለእኛ ተራ ሥዕል አይደለችም። ለዚህ ነው ይህ ጨዋታ ከሌላው ሰው ይልቅ እኛን የሚይዘን። ውጭ ያላችሁ ቤተሰቦች፣ የምትልኩት ገንዘብ ምን እንደሆነ ጠይቁ፤ ግን ልጁ እውነቱን ሲናገር ስልኩን አትዝጉበት። የተያዝክ ወንድሜ ደግሞ፣ ዛሬ ማታ ለአንድ ሰው ብቻ ንገር። የኤም-ፔሳ መስመርህን ለሚታመን ሰው ለጥቂት ጊዜ ስጥ። የጠፋውን ለመመለስ አትጫወት፤ የኔ 5,250 የሄደው እንደዚያ ነው።

ማውራት የሚፈልግ በውስጥ መስመር ይጻፍልኝ። በአካል የሚመጣም ይምጣ፣ ከረጢቱ አሁንም ጠረጴዛዬ ላይ ነው።