የሠራተኛዋ አልጋ

ሄልሲንኪ፣ መስከረም 21

ይድረስ ለውድ እህቴ፣

እናንተ ግሸን ማርያምን በምታነግሡበት በዛሬው ቀን እዚህ ነጭና ሰማያዊው ባንዲራ ይሰቀላል። የሚሰቀለው ለንጉሥ ወይም ለጦር አዝማች ክብር አይደለም፤ ሰው ቤት ተቀጥራ ለሠራች ሴት ነው። ስሟ ሚና ሲላንፓ ይባላል፤ እ.ኤ.አ. በ1926 የፊንላንድ የመጀመሪያዋ ሴት ሚኒስትር ሆነች። ታሪኳን የሰማ ሁሉ “መንግሥት በሩን ከፈተላት፣ እሷም ገባች” ማለት ይቀናዋል። እኔ ግን ነገሩ ከሌላ ቦታ የጀመረ ይመስለኛል፤ ከአንድ አልጋ።

ሚና በ1866 ዮኪዮይነን በሚባል የገጠር ቀበሌ ከጭሰኛ ቤተሰብ ተወለደች። በ12 ዓመቷ ፎርሳ ከተማ ጥጥ ፋብሪካ ገባች፤ በ18 ዓመቷ ፖርቮ፣ ከዚያም ሄልሲንኪ የቤት ሠራተኛ ሆነች። በዘመኑ የ1865ቱ የአገልጋዮች ደንብ ሠራተኛዋን በጌታው የቤት ሥልጣን ሥር ያደርጋት ነበር። ይሁንና ከደንቡም በላይ የሚያስረው የሥራው ጠባይ ነው። የፋብሪካ ሠራተኛ ከአለቃው ቢጣላ ሥራውን ያጣል፤ የቤት ሠራተኛ ከእመቤቷ ስትጣላ ግን ደሞዟም፣ ምግቧም፣ መኝታዋም በአንድ ምሽት ይሄዳሉ። ስለዚህ ዝም ትላለች። በ1898 የተቋቋመውና ሚና ለረጅም ዘመን የመራችው የሄልሲንኪ የቤት ሠራተኞች ማኅበር የገባው በዚህች ቀዳዳ ነው፤ ማረፊያ ቤትና ሥራ የሚያገናኝ ቢሮ ከፈተ። ማታ ሻንጣዋን ይዛ የወጣች ልጅ የምታድርበት ካላት፣ በማግሥቱ ስለ ሥራ ሰዓትና ስለ ዕረፍት ቀን አፏን ሞልታ ትደራደራለች። በ1905 መጽሔት ታከለበት። በ1907 ሚና ከ200 መቀመጫ 19ኙን ካገኙት የመጀመሪያ ሴት የምክር ቤት አባላት አንዷ ስትሆን፣ የሚያውቋትና የሚሰሟት ሴቶች ከኋላዋ ነበሩ።

“የምርጫ መብቱን ያመጡት እነዚህ ሠራተኞች ናቸው እንዴ?” ብትይኝ አይፈረድብሽም። አይደሉም። ፊንላንድን ትገዛ የነበረችው ሩሲያ በጃፓን ተሸንፋ ስትንገዳገድ፣ የ1905ቱ ታላቅ አድማ ዛሩን አስገደደው፤ በ1906 የፊንላንድ ሴቶች መምረጥም መመረጥም ቻሉ። በሩን የከፈተው ጊዜ ነው። በር ሲከፈት ግን የሚገባው ደጃፉ ላይ ተሰልፎ የቆየ ነው፤ ሚና ደግሞ ተሰልፋ የነበረችው ስምንት ዓመት ሙሉ ነው። “ፊንላንድ ሀብታም አገር ናት” የሚለውም ክርክር አያስኬድም። እሷ የተወለደችበት ዘመን ረሃብ ከመቶ ሺህ በላይ ሰው የፈጀበት፣ አገሪቱም በሰው አገር ዘውድ ሥር የነበረችበት ነው። ሀብቱ ኋላ መጣ፤ ማኅበሩ ቀድሞታል።

ከበድ የሚለው ተቃውሞ ሌላ ነው። በሚኒስትርነት የቆየችው አንድ ዓመት ያህል ብቻ ነው። የቤት ሠራተኞች ሕግ የወጣው በ1949፣ እሷ በ81 ዓመቷ ምክር ቤቱን ከለቀቀች በኋላ ነው። ታዲያ ሥልጣኗ ምን ፈየደ? ለእኔ ይኸው መዘግየት ራሱ ማስረጃ ነው። ሕግ ሃምሳ ዓመት ሲፈጅ፣ በመካከሉ ሠራተኞቹን ያሳደረው ማረፊያ ቤቱ ነበር። እሷም ይህን አልረሳችም፤ ሚኒስትር ከሆነች በኋላ እንኳ የተመለሰችው ወደዚያው አልጋ ነው። በ1942 ሄልሲንኪ ውስጥ ያላገቡ እናቶች ከነሕፃናታቸው የሚያርፉበት “የመጀመሪያ ቤት” ሲከፈት፣ የ76 ዓመቷ ሚና ከግንባር ቀደሞቹ ነበረች።

ይህን የምጽፍልሽ አገሩን ለማድነቅ ብቻ አይደለም። የእኛም የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የግል አገልግሎት (የቤት ሠራተኛ) ቅጥርን ለብቻው ደንብ እንዲወጣለት ብሎ ከሽፋኑ ውጭ ትቶታል። ዓረብ አገር ከሄዱት ልጆቻችን የብዙዎቹ ደግሞ ከፋላ በሚባለው የአሠሪ ዋስትና ሥርዓት ከመኝታቸው ሌላ የመኖሪያ ፈቃዳቸውም በአሠሪያቸው ላይ የተንጠለጠለ ነው። ሕጉ ይውጣ ማለት ተገቢ ነው፤ እስኪወጣ ግን የተባረረችው ልጅ ዛሬ ማታ የት ትደር የሚለውን መመለስ የሚችለው ማኅበር ነው። በአማርኛችን አልጋ መኝታም ዙፋንም ነው። ሚና ወደ ሁለተኛው የተጠጋችው የመጀመሪያውን ለጓደኞቿ ካዘጋጀች በኋላ ነው።

ሰላምታዬ ለልጆቹ፣ ለጎረቤቱ፣ ማጀት ለምታድረውም ልጅ ይድረስ።

አክባሪ ወንድምሽ