ደሴትን ያኖረው ታንኳ

ስለ ቅርስ በተነሣ ቁጥር አንደበታችን የሚቀናው «ተሰውሮ የኖረ»፣ «ተከልሎ የቆየ» ወደሚሉት አነጋገሮች ነው። ቅርስ ከሰው ዓይን በራቀ ቁጥር፣ በገደል ወይም በውኃ በታጠረ መጠን ዕድሜው የሚረዝም ይመስለናል። ባለፈው ክረምት፣ ትምህርት ቤት በተዘጋበት ወራት፣ ከቤተሰቤ ጋር ወደ ዝዋይ ሐይቅ ያደረግነው የአንድ ቀን ጉዞ ይህን አስተሳሰብ ለመመርመር መልካም አጋጣሚ ሆነልኝ።

አቃቂ የደቡብ መንገድ በር ናት። ጎሕ ሳይቀድ ተነሥተን ዱከምን፣ ቢሾፍቱንና ሞጆን አለፍን፤ ከዚያም በቆቃና በመቂ በኩል ዛሬ ባቱ ወደምትባለው የዝዋይ ከተማ ደረስን። ሐይቁ ሰፊ እንጂ ጥልቅ አይደለም፤ በጥልቁ ስፍራ እንኳ ከ9 ሜትር ብዙም አያልፍም። ስለዚህም ከሰዓት በኋላ ነፋስ ሲነሣ ቶሎ ይናወጣል። ባለ ጀልባው ይህን ስለሚያውቅ ማልደን እንድንሳፈር አጣደፈን።

በሐይቁ ላይ ሰው የኖረባቸው አምስት ደሴቶች አሉ፤ ገሊላ፣ ደብረ ሲና፣ ጸደቻ፣ ፉንዱሮና ቱሉ ጉዶ። የእኛ መድረሻ ከሁሉ የሚተልቀው ቱሉ ጉዶ ነበር። ደብረ ጽዮንም ይባላል። ታናሿ ልጄ «ስሙ ለምን ሁለት ሆነ?» ስትል ጠየቀች። ቱሉ ጉዶ በኦሮምኛ ትልቅ ተራራ ማለት ነው፤ በግዕዝም ደብር ማለት ተራራ ነው። ሁለት ልሳኖች ከሁለት ወገን አንዱን ኮረብታ አይተው በየራሳቸው ቋንቋ ተራራ አሉት።

በኮረብታው ላይ የደብረ ጽዮን ማርያም ገዳም ይገኛል። እንደ ትውፊቱ ዮዲት አክሱምን ባጠፋች ጊዜ ካህናቱ ታቦተ ጽዮንን ይዘው ወደዚህ ተሰደዱ፤ ዘመኑ ሲረጋም ታቦቱ ወደ አክሱም ተመለሰ። ከ1521 እስከ 1535 ዓ.ም. በተካሄደው የአሕመድ ግራኝ ጦርነትና ከዚያ በኋላ በመጡት ዘመናትም ደሴቶቹ የክርስቲያኖች መጠለያ ሆነው ቆዩ። የብራና መጻሕፍቱም ከዚህ ሁሉ ተርፈዋል። ይህን ታሪክ የሚሰማ ሁሉ «ውኃው ጠበቃቸው» ብሎ ቢደመድም አያስደንቅም።

አባቴ ግን ሌላ ነገር አስተዋለ። ዕድሜውን በአቃቂ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የፈጸመ ሰው ነውና ዳገቱን ትቶ ከዛፍ ጥላ ሥር ከአንድ የደሴቱ ሽማግሌ ጋር ስለ ሽመና ጨዋታ ይዞ ነበር። የደሴቶቹ ነዋሪዎች የዛይ ሕዝብ ናቸው፤ ዓሣ አጥማጆች፣ በኮረብታ ላይ እርከን ሠርተው የሚያርሱ ገበሬዎችና ሸማኔዎች። የሽማግሌው አያቶች የሸመኑትን በታንኳ ጭነው ወደ አርሲ ኦሮሞዎች ገበያ ይሻገሩ፣ እህልና ከብት ይዘውም ይመለሱ ነበር። አባቴ ይህን ሰምቶ፣ «እንግዲያስ ያኖራቸው ጋቢያቸው ነዋ!» አለ።

ከብዙ መጻሕፍት ይልቅ ይህች ቃል እውነቱን የነካች ይመስለኛል። ውኃ ጠላትን ያግድ ይሆናል፤ እህል ግን አያበቅልም። ደሴቱን ያኖረው ውኃውን በየቀኑ የተሻገረው ሠራተኛ እጅ፣ በማዶም ዕቃውን ተቀብሎ የራሱን የሰጠው ጎረቤት ነው። ብራናውን የጠበቁት ካህናትም የበሉት የዚሁ ልውውጥ ፍሬ ነበር።

ዛሬ የሚያሰጋው ብራናው ብቻ አይደለም። የዛይ ቋንቋ የስልጤኛና የሐረሪ ዘመድ የሆነ ሴማዊ ቋንቋ ሲሆን ተናጋሪዎቹ ጥቂት ሺህ ብቻ ናቸው። ብዙዎቹ ኑሮን ፍለጋ ወደ ዳር ወጥተዋል። ልጄ ውኃ በዛይኛ ምን እንደሚባል ሽማግሌውን ጠየቀች። ቃሉን ነገሯት፤ አጠገባቸው የነበረው የልጅ ልጃቸውም ከእርስዋ ጋር እንደ እንግዳ ደገመው። ሐይቁም ቢሆን ያለ ሥጋት አይደለም፤ መስኖ ውኃውን ይስባል፣ እንቦጭም ገብቶበታል። ከእርሱ በቡልቡላ ወንዝ የሚመገበው አብያታ ምን ያህል እንደሸሸ ላየ ሰው ማስጠንቀቂያው ግልጽ ነው።

ስለዚህ ለመምህሩም፣ ለባህል ሠራተኛውም፣ ለከያኒውም የሚሰጠው ሥራ አንድ ነው። የቤተ መቅደሱን ሥዕል ማንሣት መልካም ነው፤ የሽማግሌውን ቋንቋ መቅዳት፣ የሸማውን ጥለት መመዝገብ፣ የታንኳውን አሠራር ከሠሪው እጅ መማር ግን አይዘገይም። ብራና ሣጥን ውስጥ መቶ ዓመት ሊጠብቅ ይችላል። ቋንቋ ግን ማደሪያው የልጅ አፍ ነው፤ ከዚያ ከወጣ የሚያስጠጋው ደሴት የለም።