ከባዝ እስከ ብራድፎርድ በቦይ ዳር

ባዝ የተባለችው የእንግሊዝ ከተማ በፍል ውሃዋ ከጥንት ጀምሮ የታወቀች ናት። ለእኛ ግን ሌላም ማስታወሻ አላት። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከ1936 እስከ 1940 (ዓመቱን ሁሉ የምንጽፈው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) የስደታቸውን ዘመን ያሳለፉት በከተማይቱ ምዕራባዊ ዳር በሚገኘው ፌርፊልድ በተባለው ቤት ነበር። ቤቱንም በ1958 ለከተማይቱ አረጋውያን መገልገያ እንዲሆን ሰጥተዋል። ይህን ቤት አይቶ ወዲያው ወደ ባቡር ጣቢያ የሚቸኩል ሰው ግን ትልቅ ነገር ያመልጠዋል። አንድ ቀን የተረፈው መንገደኛ በምሥራቅ በኩል ወጥቶ፣ ቦዩን ተከትሎ እስከ ብራድፎርድ ኦን ኤቮን በእግሩ ይሂድ። ርቀቱ 16 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ መንገዱም ሜዳ ስለ ሆነ አያደክምም።

የኬኔትና ኤቮን ቦይ መሐንዲስ ጆን ሬኒ ነበር። ሥራው በ1810 ተፈጽሞ ለንደንና ብሪስቶል በውሃ መንገድ ተገናኙ። በዚያ ዘመን ጀልባውን የሚጎትተው ፈረስ ነበርና ዛሬ እኛ የምንረግጠው ጠባብ መንገድ የፈረሱ መንገድ ነው።

መጀመሪያ የሚገኘው መንደር ባዝሃምፕተን ነው። የኒው ሳውዝ ዌልስ የመጀመሪያ ገዥ የነበረው አርተር ፊሊፕ በ1814 ሞቶ በዚያ ቤተ ክርስቲያን ተቀብሯል። ከዚያ አልፎ ክላቨርተን ሲደርሱ ግን ቆም ማለት ይገባል። ጀልባ በውሃ በሮች በኩል ወደ ላይ ወይም ወደ ታች ባለፈ ቁጥር ብዙ ውሃ ወደ ቆላው ይፈሳል፤ ቦዩ ደግሞ ከወንዙ በላይ በተራራው ወገብ ላይ ነው። ታዲያ ውሃው ከየት ይምጣ? ከወንዙ ዳር አንድ ትልቅ መዘውር ተከሉ። ወንዙ መዘውሩን ሲያዞረው መዘውሩ ከዚያው ወንዝ ውሃ እየቀዳ 14 ሜትር ያህል ሽቅብ ወደ ቦዩ ይገፋዋል። እንጨትም ከሰልም አይፈጅም። ከ1813 እስከ 1952 እንዲህ ሲሠራ ኖረ። ኋላም በጎ ፈቃደኞች ጠግነው አስነሥተውታል።

ቀጥሎ የዳንዳስ ድልድይ ነው። ድልድይ ሲባል ሰው የሚሻገርበት ብቻ አይምሰልዎ፤ እዚህ የሚሻገረው ራሱ ቦዩ ነው። ጀልባ በላይ ሲሄድ፣ ወንዙና የባቡሩ ሐዲድ በሥሩ ያልፋሉ። በአቮንክሊፍም ሁለተኛ እንዲህ ያለ ድልድይ አለ፤ የመካከለኛው ቅስት ግን ከጥንቱ ትንሽ ዝቅ ብሏል።

የባቡር ሐዲድ ለቦዩ መልካም ጎረቤት አልነበረም። የለንደንና የብሪስቶል ባቡር በ1841 ሥራ ሲጀምር የጭነቱ ገበያ ወደዚያ ሄደ። በ1852 የባቡሩ ኩባንያ ቦዩን ራሱን ገዛው፤ ለጅብ ሥጋ አደራ መስጠት ማለት ይህ ነው። ከመቶ ዓመት በኋላ በሊምፕሊ ስቶክ አጠገብ ውሃው በስንጥቅ እየሰረገ ቦዩ ደረቀ። መንግሥት ሊዘጋው ሲያስብ ወዳጆቹ በ1956 የአቤቱታ ፊርማ ሰብስበው ከብሪስቶል ወደ ለንደን በውሃ መንገድ ላኩ። ከዚያም ለብዙ ዓመታት ጭቃ የዛቁት፣ በር ያበጁት ባብዛኛው ደመወዝ የማይቀበሉ ሰዎች ናቸው። በ1990 ንግሥት ኤልሳቤጥ ዳግማዊት መርቀው ከፈቱት።

ብራድፎርድ በድንጋይ ቤቶቿ ውብ ናት። በ14ኛው መቶ ዓመት የተሠራ 51 ሜትር የሚረዝም ጎተራ አላት፤ የሻፍትስበሪ ደናግል ገዳም ከገበሬው የሚሰበስበው አሥራት ይከማችበት ነበር። ስለ አሥራት ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ማብራራት የሚያስፈልግ አይመስለኝም። ከሁሉ ያስደነቀኝ ግን ጠባቧ የሳክሶን ቤተ ክርስቲያን ናት። ለዘመናት ትምህርት ቤትና መኖሪያ ሆና ስሟ ጠፍቶ ሳለ፣ የአጥቢያው ቄስ ዊልያም ጆንስ በ1856 ማንነቷን ዐወቁ።

ወደ ባዝ የሚመልሰው ባቡር ሩብ ሰዓት ያህል ብቻ ይፈጅበታል።