በዓይን ላይ ስለሚታይ ጥቁር ነጥብ

በሕፃን ገላ ላይ ጥቁር ምልክት ሲገኝ እናቶቻችን «ማርያም የሳመችው ነው» ብለው ደስ ይላቸዋል። ያው ምልክት በዓይን ነጭ ላይ ሲታይ ግን ከቤተ ሰቡ አንዱ ይደነግጣል፥ ሌላው ቸል ይላል። እኛም በተማሪዎቻችን ዓይን ላይ ይህን ደጋግመን ስላየን፥ ሐኪሞች አንዱን ከሌላው እንዴት እንደሚለዩት ማስረዳትን ወደድን።

ጠይምና ጥቁር በሆነ ሰው፥ የዓይኑ ነጭ ከጥቁሩ በሚገናኝበት ዙሪያ ቡናማ ጥላ መታየቱ የተለመደ ነው። በሁለቱም ዓይኖች የሚገኝና ያላበጠ ከሆነ፥ የቆዳው መልክ ያመጣው እንጂ ደዌ አይደለም። ሁለተኛው በአንድ ዓይን ላይ በልጅነት ወይም በጉርምስና የሚታየው ነጥብ ነው። ሐኪሙ በማጉያ መሣሪያ ሲመለከተው በውስጡ ውሃ የቋጠሩ ጥቃቅን ከረጢቶች ቢያገኝ፥ አብዛኛውን ጊዜ ክፉ አለመሆኑን ያመለክቱታል።

ሦስተኛው ግን ያሠጋል። በጎልማሳነት በአንድ ዓይን ላይ አዲስ የታየ፥ የሚሰፋ፥ የሚያብጥ፥ ወፍራም የደም ሥር የሚመግበው ወይም ወደ ጥቁሩ የሚሻገር ነጥብ ካንሰር ሊሆን ይችላል። ሜላኖማ የተባለው ካንሰር ይበልጥ የሚገኘው በነጮች ላይ ነው። በምሥራቅ አፍሪካ ግን የሚበዛው ከዓይን ገጽ ስስ ሽፋን የሚነሣ ሌላ ካንሰር ሲሆን፥ የፀሐይ ጨረርና ኤች አይ ቪ ለእርሱ ያጋልጣሉ። ይህም በጥቁር ሰው ዓይን ላይ ቀለም ይዞ ሜላኖማን ሊመስል ይችላልና ሐኪም በማየት ብቻ አይፈርድም። የማያሠጋውን ፎቶግራፍ አንሥቶ ከወራት በኋላ ያነጻጽረዋል፤ የሚያጠራጥረውን ቆርጦ በማይክሮስኮፕ ያስመረምረዋል። የመጨረሻው ፍርድ የሚገኘውም ከዚህ ነው።

አንዳንዶች «ጸበል ይበቃኛል» ይላሉ። በጸበል መጠመቅ ከአባቶቻችን የተቀበልነው ነው፤ ነገር ግን ሐኪምን አያስንቅም። መጽሐፈ ሲራክ ሐኪምን ማክበርን ያስተምረናል፤ ወንጌላዊው ሉቃስም ሐኪም ነበረ። በጊዜ የታየ ካንሰር ትንሽ ሳለ ተቆርጦ ይወጣል፤ የዘገየ ግን ዓይንን፥ አንዳንድ ጊዜም ሕይወትን ይወስዳል። ቅጠል ጨምቆ መጨመርም ዓይንን ይጎዳል እንጂ ነጥቡን አያጠፋም።

እንግዲህ ወላጆች ሆይ፥ የልጆቻችሁንም የራሳችሁንም ዓይን በቀን ብርሃን ተመልከቱ። ነጥብ ብታገኙ ቀኑን ጽፋችሁ ያዙ፤ ለሐኪምም አሳዩ፤ ቢለወጥ ከቶ አትዘግዩ። ዕውር ሆኖ ለተወለደው ብርሃንን የሰጠ አምላክ የሁላችንን ዓይን ይጠብቅልን፤ አሜን።